«ካፋ ደግሞ ምን አለ?»

ወደ ካፋ ልሄድ ነው ያለ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ «እዚያ ደግሞ ምን አለ?» የሚል ነው። ጠያቂው ክፋት የለበትም። ለብዙዎቻችን አገር መጎብኘት ማለት ወደ ሰሜን መውጣት ነው። ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ፣ አክሱም ሐውልቱ፣ ጎንደር ግንቡ አለ። ፊት ለፊት ይቆማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ የንጉሡ ስምና ዘመኑ ይነገራል፣ ታየ ይባላል። ደቡብ ሲባል ደግሞ አርባ ምንጭና ኦሞ ይጠራሉ። ካፋ፣ ሸካና ቤንች ሸኮ ከዚህም ከዚያም የሉበትም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከዳውሮ፣ ከኮንታና ከምዕራብ ኦሞ ጋር ሆነው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከሆኑ ወዲህ እንኳ ቦንጋን ከዜና ውጭ የሚያነሳት ጥቂት ነው።

ጥያቄውን «ቡና አለ» ብሎ መመለስ ቀላል ነበር። ችግሩ፣ ቡና አያለሁ ብሎ የሄደ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ግራ ተጋብቶ ማደሩ ነው። ካፋ ውስጥ ፊቱ ቆማችሁ «ይኸው» የምትሉት ነገር ብዙ የለም። ያለው ሁሉ የሚያሳይ ሰው ይፈልጋል፤ ባለቤትም አለው። ከዚህ በታች የምሰጠው ምክር፣ የጫማውም የገንዘቡም፣ ዞሮ ዞሮ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

መንገዱን ላስቀድም። ከአዲስ አበባ በወሊሶና በወልቂጤ አድርጎ፣ የጊቤን በረሃ ወርዶና ወጥቶ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጅማ ቦንጋ ያለው ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ካርታ ላይ ሲያዩት አንድ ቀን ይበቃዋል፤ ሌሊት የተነሳ አውቶቡስም አመሻሽ ላይ ያደርሳል። እኔ ግን ጅማ ማደርን እመርጣለሁ። ጅማ አውሮፕላን ስላለ ጊዜ ያጠረው ሰው ትልቁን መንገድ በአየር ሊያሳጥረው ይችላል። ከዚያ በላይ ግን፣ ከጅማ በኋላ ያለው መንገድ በቀን መታየት ያለበት ነው። ሸቤን ካለፉ በኋላ አስፋልቱ ወደ ጎጀብ ወንዝ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሙቀቱ ይከብዳል፣ የመኪናው መስኮት ሁሉ ይከፈታል። ጎጀብን ሲሻገሩ ኦሮሚያ አብቅቶ ካፋ ይጀምራል። ዳገቱ ሲያያዝ ደግሞ መስኮቶቹ አንድ በአንድ ይዘጋሉ፣ ጃኬት ይደረባል፣ እንሰት ከየጓሮው ብቅ ይላል፣ ደኑም ከመንገዱ ግራና ቀኝ እየቀረበ ይመጣል። ይህን በጨለማ ማለፍ ትርፍ የለውም።

ደኅንነትም አለ። ከመነሳታችሁ በፊት ጅማ ወይም ቦንጋ ላለ ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ሰው ከሌላችሁ ያሰባችሁትን ሆቴል ጠይቁ፤ እንግዳ ተቀባዮቹ ከማንም በፊት ይሰማሉ። ሳይመሽ ግቡ። ጊዜው ያላለፈበት መታወቂያ ኪሳችሁ ይሁን። ከውጭ የመጣ ወገን ፓስፖርቱን ሻንጣ ሥር ባይቀብረው ጥሩ ነው፤ ፍተሻ ላይ ሻንጣ ሲበረበር የሚጠብቀው ሙሉ መኪና ሰው ነው።

ቦንጋ ኮረብታ ላይ የተዘረጋች፣ ጠዋት ጠዋት ጉም የሚጫናት ከተማ ናት። ስለ ሆቴሎቿ ብዙ የምለው የለኝም። ንጹሕ አልጋ ይገኛል፣ ሙቅ ውኃው ሲመጣ ይመጣል፣ መብራት ሲጠፋ ይጠፋል። የብሔራዊ የቡና ሙዚየሙን በመጀመሪያው ቀን እዩት። ሕንጻው ከውስጡ ይልቅ ግርማ አለው፤ ቢሆንም ለማግስቱ የጫካ ጉዞ መንደርደሪያ ይሆናል። ባርታ ፏፏቴንና በአካባቢው ሰው «የእግዜር ድልድይ» የሚባለውን የተፈጥሮ የድንጋይ ድልድይ ለሌላ ቀን አቆዩዋቸው። ሁለቱም ደስ ይላሉ፤ ዝናብ በጣለ ማግስት ግን ቁልቁለቱ ያዳልጣል።

አሁን ወደ ጫካው። ሰው የቡና እርሻ ለምዷል፤ በረድፍ የቆመ፣ በልኩ የተገረዘ፣ ፍሬው ቅርንጫፉን የሚያጎብጠው። የጫካ ቡና እንዲህ አይደለም። ከቀረሮ፣ ከዋንዛና ከብሳና ሥር ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ወደ ላይ የተመዘዘ፣ ቅርንጫፉ የሳሳ፣ ፍሬው እዚህ አንድ እዚያ ሁለት የሆነ ተክል ነው። የሚያሳይ ሰው ከሌለ በመካከሉ አልፎ «ቡናው የት አለ?» ማለት ይመጣል። ከእኛ ጋር የነበረው ወጣት አስጎብኚ አንዲት እንግዳ ይህንኑ ስትጠይቀው ሳቁን መያዝ አቅቶት «እህቴ፣ የተደገፍሽው ቡና ነው እኮ» አላት። ከዚያ በኋላ ዓይን ይከፈታል። የሚያብረቀርቀው ቅጠል ቡና ነው፤ ከሥሩ የበቀለው ሁለት ቅጠል ብቻ ያለው ችግኝ ቡና ነው፤ ትናንት ጦጣ ልጦ የጣለው ቀይ ገለባም ቡና ነው። ማንም አልተከለውም። ወፍ ጣለው፣ ጦጣ ጣለው፣ በቀለ።

የዚህ ቀጫጫ ዛፍ ዋጋ ከፍሬው ብዛት አይመዘንም። በዓለም ዙሪያ በእርሻ የሚበቅለው አረቢካ ቡና በአብዛኛው ከጥቂት ተክሎች የተባዛ ስለሆነ የዘር ልዩነቱ ጠባብ ነው። በሽታ ቢነሳ ወይም ሙቀቱ ቢጨምር መድኃኒቱ የሚፈለገው ልዩነቱ በሰፋበት ቦታ፣ ማለትም እዚህ ጫካ ውስጥ ነው። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የካፋን ደን ከያዩ ጋር በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች አድርጎ ሲመዘግብ ምክንያቱ ከዚህ የራቀ አልነበረም። የካፋው ብቻ ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ ይሸፍናል፤ በውስጡ ግን ከተማም እርሻም መንደርም አለ። ስለዚህ «ጥብቅ ቦታ» ሲባል አጥርና በር አትጠብቁ።

ቡና እዚህ ነው የተገኘው ወይስ እዚያ የሚለውን ክርክር ለአካባቢው ሰዎች ብትተውላቸው ይሻላል። በዴቻ ወረዳ ማንኪራ የቡና መነሻው እኛ ጋ ነው ይላሉ። በጅማ ዞን ጎማ ወረዳ ጮጬ ደግሞ የለም እኛ ጋ ነው ይላሉ። ማንኪራ ላይ ቆሞ ስለ ጮጬ፣ ጮጬ ላይ ተቀምጦ ስለ ማንኪራ ማውራት ከቡናው በፊት ፀብ ያስቀርባል። የፍየል እረኛውን ተረት ሁለቱም ያውቁታል። ተረቱ በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም በታተመ መጽሐፍ ላይ ሲወጣ እረኛው ስም እንኳ አልነበረውም፤ ካልዲ የተባለው ኋላ ነው። የዛፎቹ ዕድሜ በተረት ከተነገረው እጅግ ስለሚልቅ፣ ድንበር ሳይኖር የበቀለ ነገር በወረዳ ድንበር መካፈሉ ያስቀኛል።

ከተረቱ ይልቅ የሚደንቀኝ የጌሻ ነገር ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ጌሻ ከሚባል አካባቢ የተሰበሰበ ዘር በታንዛኒያና በኮስታሪካ ዞሮ ፓናማ ገባ። እዚያም ብዙ ዘመን የሚጠይቀው ሳይኖር ቆየ። በ2004 እ.ኤ.አ. አንድ ቤተሰብ ለብቻው ለቅሞ ለውድድር ሲያቀርበው በጨረታ አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር ወጣለት፤ ለጥሬ ቡና በወቅቱ ያልተሰማ ዋጋ ነበር። ዛሬ ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያለ ወገናችን «ጌሻ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን አንድ ስኒ ሙሉ ምሳ በሚገዛ ገንዘብ ይጠጣል። ጌሻ ድረስ የሄደ ግን ስንት ነው?

ጫካ ስትገቡ ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ባለቤት አልባ ዛፍ አለመኖሩን ነው። ከከተማ የሄደ ሰው ደን ሲያይ የመንግሥት ወይም የማንም ያልሆነ ይመስለዋል። እዚህ ግን ቀና ብትሉ ከትልቁ ዛፍ ጫፍ ላይ ረጅም ቀፎ ተጋድሞ ታያላችሁ። ቀፎ ያለበት ዛፍ ሰው አለበት። ሸካ ውስጥ «ኮቦ» የሚባል ሥርዓት አለ፤ የደኑ ክፍል በቤተሰብ የተያዘ ነው፣ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ ሌላ ሰው ያለ ፈቃድ ቀፎ አይሰቅልበትም። በቦንጋ ዙሪያም የደን ተጠቃሚ ማኅበራት ደኑን ከመንግሥት ጋር ተዋውለው ያስተዳድራሉ። ኮረሪማውና ጥምዙ፣ ያ ለሚጥሚጣና ለበርበሬ የምንገዛው ቅመም፣ ከዚሁ ደን ጥላ ሥር ይለቀማል። ስለዚህ ለሽታው ብላችሁ የኮረሪማ ፍሬ አትቀንጥሱ። ጠይቁ፤ ጠይቃችሁ የተከለከላችሁት ነገር ትንሽ ይሆናል።

አስጎብኚ ያዙ የምለውም ለዚህ ነው። የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ሄዶ መጠየቅ ጊዜ ቢወስድም ይጠቅማል፤ የትኛው ቀበሌ ማን እንደሚያስገባ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የመኪናውን፣ የአስጎብኚውንና የመንደሩን ክፍያ ለየብቻ ተነጋገሩ፤ ሁሉም ከመነሳታችሁ በፊት ይለቅ። ቴሌብርም ባንክም ከተማው ውስጥ አለ፤ ማንኪራ መንገድ ላይ ግን የሚሠራው ጥሬ ብር ነው፣ ያውም ዝርዝር። ድፍን ሁለት መቶ ብር አውጥቶ ሁለት ፍሬ ሙዝ መግዛት ሻጯን ማስጨነቅ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ የጉዞ ጽሑፎች ይዘሉታል። ከደኑ ጋር ከማንም በላይ የኖሩት ማንጆዎች ናቸው። በካፋ መንግሥት ዘመን የአገሩን መግቢያ በሮች ይጠብቁ እንደነበር ይነገራል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ግን አብሮ ማዕድ የማይቀርብላቸው፣ ቤት የማይገቡ ተደርገው ኖረዋል፤ ልማዱ ተለወጠ ቢባልም ጨርሶ አልጠፋም። መንገድ ዳር ከሰልና እንጨት ተሸክመው የምታዩዋቸው ብዙዎቹ እነርሱ ናቸው። ጫካውን የሚያሳያችሁ ሰው ከማንጆ ወገን ከሆነ ምሳ ሲደርስ እሱን ደጅ ትታችሁ አትግቡ። እንግዳ ስለሆናችሁ የሚከለክላችሁ የለም፤ ከአንድ ገበታ ስትበሉ ያየ ሁሉ ግን ያየውን ያስታውሳል።

ታሪኩም እንደ ደኑ ካልተነገረ አይታይም። የካፋ ነገሥታት እንደ ጎንደር ግንብ አላቆሙም። አገራቸውን የጠበቁት ጥልቅ ቦይ በመቆፈርና በአጥር ነበር። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 እ.ኤ.አ. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የሚመራ የምኒልክ ጦር ከወራት ውጊያ በኋላ እስኪማርከው ድረስ መንግሥቱ በራሱ ቆሟል። ጅማ፣ ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይታችሁ ከመጣችሁ ነገሩ ይገጥማል። አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብሮ አገሩን በሰላም ያዘ፣ ቤቱም እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ካፋ ላይ ለዘመተውም ጦር አጋዥ ሆነ። ጋኪ ሸሮቾ ተዋጋ፣ አንድራቻ የነበረው መቀመጫው ጠፋ፣ እሱም በምርኮ እንዳለ በ1919 እ.ኤ.አ. ሞተ። ዛሬ ቦዩን የሚያሳያችሁ ሽማግሌ ካላገኛችሁ፣ የምታዩት ሣር የለበሰ ጉድጓድ ነው። ካገኛችሁ ደግሞ ለጨዋታው ጊዜ ስጡት፤ አባባ ጀምረው ስልክ ማየት ነውር ነው።

ስለ ዝናብ ሳልናገር አልለፍ። ይህ አካባቢ ከአገራችን እጅግ ዝናባማው ነው፤ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር ይዘንባል። ደረቅ የሚባለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ነው፣ እሱም ቢሆን በሌላ አገር ደረቅ አይባልም። እኔ የምመክረው ጥቅምትና ኅዳርን ነው። መንገዱ ገና ጭቃ ይኖረዋል፤ ቡናው ግን ቀልቶ ይለቀማል፣ በየደጁም በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ነጭ ማር የሚወድ ደግሞ ጭቃውን ችሎ በግንቦት ወይም በሰኔ ይሂድ፤ ማሩ የሚቆረጠው የገተም ዛፍ አበባ ካለፈ በኋላ ነው። ስኒከር ቤት ይቅር። የአካባቢው ገበሬ የሚያደርገውን የላስቲክ ቦት ጫማ ቦንጋ ገበያ ላይ ግዙ፤ ከውድ የተራራ ጫማ ይሻላል፣ ስትመለሱም ለአስጎብኚው ይሰጣል። ቦንጋ ራሷ ወይና ደጋ ናት፤ ወደ ጎጀብ ሸለቆ፣ ወደ በበቃ የቡና እርሻ ወይም ወደ ቴፒ የምትወርዱ ከሆነ ግን ወባ አለ። አጎበር ያዙ፣ መድኃኒቱንም ሳትነሱ ሐኪም አማክሩ።

ምግቡ ላይ ሰው ይከፋፈላል። ከተማ ውስጥ ሽሮውም ጥብሱም ይገኛል። የቦንጋ በግ በዘሩ የታወቀ ነው፤ ገዝቶ የማይመለስ ሹፌር አላየሁም። ገጠር ስትገቡ የሚቀርብላችሁ ግን ቆጮ ነው። ቆጮን ከክትፎ ጋር ብቻ የሚያውቅ ሰው እዚህ ዋና ምግብ ሆኖ ሲያገኘው ያመነታል። አታመንቱ። ቡናውም አንዳንድ ቤት በጨው ይቀርባል፤ ስኳር መጠየቅ ነውር ባይሆንም፣ ቤት ውስጥ ከሌለ ልጅ ሱቅ ይላካል፣ ሱቁም ሩቅ ሊሆን ይችላል። ወደ ሚዛንና ቴፒ ስትዘልቁ ከቡና ቅጠል፣ ከቃሪያና ከቅመማ ቅመም ተፈልቶ የሚጠጣ «ጨሞ» አለ። ያቃጥላል። እኔ ሁለተኛውን ስኒ አልደፈርኩም፤ አብሮኝ የነበረው ሰው ግን ጉንፋኑ በዚያው ለቀቀው ብሎ ይምላል።

ቀን ካላችሁ ከቦንጋ በውሽውሽ አድርጋችሁ ወደ ሚዛን ቀጥሉ። ሻዩን በፓኬት ብቻ ለምናውቀው ውሽውሽ ኮረብታውን ሙሉ የተነጠፈ አረንጓዴ ምንጣፍ ነው። ከዱሩ ጫካ ወጥቶ በመቀስ የተስተካከለ የሚመስለውን የሻይ እርሻ ማየት እንግዳ ስሜት አለው፤ አንዳንዱ ሰው «አሁን ገና አረፍኩ» ይላል። ምን እያየ እንደሆነ ሳይነገረው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ይህ ስለሆነ ይመስለኛል። በሌላ አቅጣጫ፣ ኮንታና ዳውሮ ውስጥ፣ የጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ዝሆኖችና ሃላላ ኬላ ያለው አዲስ መዝናኛ አሉ። ምቾት የሚፈልግ እዚያ ይሂድ፤ በጀቱ ግን ሌላ ነው፣ ጉዞውም ሌላ ነው።

ስትመለሱ ቡናና ማር መግዛታችሁ አይቀርም። ቡናውን መንገድ ላይ ከተደረደረው ጆንያ ከምትገዙ፣ ቦንጋ ውስጥ የካፋ ጫካ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን የት እንደሚሸጥ ጠይቁ። የመንገድ ዳሩ የጓሮ ቡና ሊሆን ይችላል፤ እሱም ጥሩ ነው፣ የጫካ ተብሎ መሸጡ ብቻ ነው ቅር የሚለው። ማሩን ሳትቀምሱ አትግዙ። ነጩ የገተም ነው፣ ለስላሳ ነው፤ የብሳናው ጠቆር ይላል፣ ምላስ ላይ ምሬት ይተዋል፣ ለጠጅ የሚመርጡት ግን አሉ። ጀሪካኑን አፉ ድረስ አታስሞሉ። ቦንጋ ላይ የረጋ ማር የጊቤ ሙቀት ሲነካው ይቀልጣል፣ ይነፋል፣ ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል፤ ከሥሩ የተቀመጠው ደግሞ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ሻንጣ ነው።

የመመለሻ ትኬት ከዋዜማው ቁረጡ። አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፣ በዚያ ሰዓት ባጃጅ በዕድል ነው። ማታውኑ አንዱን ባለ ባጃጅ አነጋግሩና ስልኩን ያዙ፤ ዋጋውንም ያኔውኑ ጨርሱ። ሌሊት ዝናብ ከጣለ ሌላ ዋጋ ነው።